እናቴ ያላጠበችው ቀሚስ

እናቴ ዓርብን የምታውለው ለልብስ አጠባ ነበር። ሰንበት ሳይገባ በቤታችን ያለ ጨርቅ ሁሉ ውሃ መንካት ነበረበት፤ አንሶላው፣ የአባቴ ሸሚዞች፣ የእኔ የትምህርት ቤት ልብስ፣ ያልቆሸሸው ሳይቀር። በምንኖርበት ሰፈር በሴቻ የቧንቧ ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን ቁልቁል ወደ ኩልፎ ወንዝ ትወርዳለች። እዚያ አጥባ፣ ድንጋይ ላይ አስጥታ፣ የደረቀውን በጀርባዋ አዝላ ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ትወጣዋለች። የቀበሌው ሱቅ ሳሙና ሲያልቅበት በእንዶድ ታጥባለች። ጎንደር ገጠር በተወለደችበት መንደር፣ ክርስቲያን ጎረቤቶች ወገኖቿን «ውሃ ውሃ ይሸታሉ» እያሉ ያሟቸው እንደነበር አንድ ቀን ነግራኛለች። የነገረችኝ ግን እንደ ሐሜት ሳይሆን እንደ ምስጋና አድርጋ ነበር።

ቤተ እስራኤል ነን። አርባ ምንጭ ውስጥ ይህን ከእኛ ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ መምህር ነበር፤ እኔ ጡት ሳልጥል ነው መንግሥት ወደዚያ የመደበው። ጎረቤቶቻችን «የሰሜን ሰዎች» ይሉናል። ቤተ ክርስቲያን ስለማንስም ጴንጤ ናቸው ብለው የሚጠረጥሩን ነበሩ፤ ያ ደግሞ በደርግ ጊዜ ቀላል ጥርጣሬ አልነበረም። አባቴ ስለዚህ ዝምታን ሙያው አድርጎ ነበር። ሰንበትን በራችንን ዘግተን እናከብራለን፤ ሰው ከጠየቀ እናቴ ራስ ምታት አለባት።

እህት ነበረችኝ። ወደ ደቡብ ስንመጣ አምስት ዓመቷ ነበር። አያቴ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ስለነበረች፣ «ይቺን እንኳ ተዉልኝ» ብላ ለምና አስቀረቻት። እናቴ ለሁለት ዓመት ያህል መስሏት ነበር የተወቻት። የአባቴ ዝውውር ግን ሳይመጣ ዓመታት ሄዱ። እኔ እህቴን ያየኋት አንድ ክረምት ብቻ ነው፤ ለጥየቃ ሄደን ስንሰነብት ፀጉሬን ስትሠራኝ። እጇ ጠንካራ ነበር፤ ሲያመኝ ብጮህም አትተወኝም። ስለ እሷ በራሴ አይን አይቼ የማውቀው ይህን ያህል ነው።

ከዚያ ደብዳቤ ተቋረጠ። መንደሩ ባዶ መሆኑን፣ ሰው በሌሊት ወደ ሱዳን እየወጣ መሆኑን አባቴ ከአንድ የአገሩ ሰው በሹክሹክታ ሰማ። እናቴ ስድስት ወር ሙሉ ስለዚህ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ አጠባዋን ብቻ አበዛችው። ከሳምንት አንድ ቀን የነበረው ሁለት፣ ከዚያም ሦስት ቀን ሆነ።

አንድ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ የማላውቀው ሰው ቤታችን በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ጫማው ከጎኑ ተተርትሮ ጣቶቹ ይታያሉ። የእናቴ የአጎቷ ልጅ ነበር። ሱዳን ገብቶ፣ ሚስቱንና ልጆቹን እዚያ ቀብሮ፣ በገባበት መንገድ ተመልሶ ወጥቷል። ወዴት እንደሚሄድ እሱም አያውቅም፤ የታወቀበት አገር እንዳይሆን ብቻ ነው የሚፈልገው። እናቴ እግሩን ልታጥበው ውሃ በሳፋ አቅርባ ነበር። እሱ ግን እግሩን ውሃው ውስጥ ሳያገባ ተናገረ።

«እናትሽ መንገድ ላይ ቀረች፣ እህቴ። ልጅቷ ገብታ ነበር። ከገባች በኋላ ሦስት ሳምንት ቆየች።»

አባቴ ተነስቶ በሩን ዘጋ። ቀጥሎ መስኮቱን ዘጋ። ስለዚያ ሰዓት ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ይህ ነው፤ ሚስቱን ሳይሆን መስኮቱን መያዙ።

እናቴ አልጮኸችም። «በምን ገነዛችኋት?» አለች።

«በለበሰችው።»

«ታጥቦ ነበር?»

ሰውየው መሬት መሬት አየ። «የምንጠጣው ውሃ እኮ አልነበረንም» አላት።

ያኔ እናቴ የቀሚሷን አንገት በሁለት እጇ ይዛ እስከ ጡቷ ድረስ ቀደደችው። ነጭ፣ ከታች ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ ነበር፤ በሳምንቱ ዓርብ የታጠበ። የጨርቁ ድምፅ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ እንደ ጩኸት ሆኖ ተሰማኝ፤ አባቴ እንኳ ወደ ግድግዳው ማዶ፣ ወደ ጎረቤቶቹ በኩል ዞሮ አየ። ከዚያ ከመደቡ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰውየው በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ የሰማነው ነገር የለም።

አባቴ የፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድ ጩኸት ከቤታችን ቢወጣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ይመጣል። ለቀስተኛ ደግሞ ይጠይቃል። ማን ሞተ? የት? በምን? የት ለሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረንም። ወደ ሱዳን የወጣ ሰው አገሩን የከዳ ነው፤ የከዳ ሰው ቤተሰብ የሆነ መምህርም ክፍል ውስጥ አይቆምም፤ ወዴት እንደሚወሰድም አይታወቅም። ስለዚህ ለአያቴና ለእህቴ ልቅሶ ሊኖር አልቻለም።

ለእናቴ የቀራት ልብሱ ብቻ ነበር። በእኛ ሕግ ሐዘንተኛ ሰባት ቀን መሬት ይቀመጣል፤ ልብሱን አያጥብም፣ ሌላም አያጥብለትም፣ የታጠበም አይለብስም። በሰባተኛው ቀን ልብሱንና ገላውን ታጥቦ ፀሐይ ስትጠልቅ ይነጻል። ይህን ከእናቷ ነው የተማረችው፤ እናቷም ከቄሶቹ። «አልጮህም» አለችው አባቴን። «እንዳልከው እሆናለሁ። ግን ይህን ቀሚስ ሰባት ቀን ከላዬ አላወርደውም።»

አባቴ በልጅነቱ ከባሕር ማዶ የመጡ አይሁድ መምህራን በከፈቱት ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመት ተምሮ ነበር፤ ቄሶቻችን የማያውቁትን ሕግ እዚያ አስተምረውታል። አያቴና እህቴ ከሞቱ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ዓይኗን ሳያይ ተናገረ።

«መርዶ ከሠላሳ ቀን በኋላ ከደረሰ ሰባት ቀን አይቀመጡም። ሕጉ አንድ ሰዓት ነው የሚለው። ለእናትሽ መቅደድሽ ልክ ነው፤ ለእናት ሁልጊዜ ይቀደዳል። ለልጅ ግን ከሠላሳ ቀን በኋላ መቅደድም የለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልብስሽን መቀየር ትችያለሽ።»

«ለልጄ አንድ ሰዓት?»

«እኔ አይደለሁም ያልኩት። የተጻፈ ነው።»

«ደቂቃውን ቁጠርልኝ እንግዲህ» አለችው።

የሰዓቱን ነገር ከዚያ በኋላ ማንም አላነሳም። ካደግሁ በኋላ ሕጉ እውነት መሆኑን ከሚያውቁ ሰዎች ሰምቻለሁ፤ አባቴ አልዋሸም። የጻፉትም ሰዎች ለሐዘንተኛ አዝነው፣ ያለፈው እንዳይቆረቁረው ብለው ሊሆን ይችላል የጻፉት። አባቴ ግን ያን ሕግ ያነሳው ለእሷ አዝኖ ሳይሆን ፈርቶ ነው። እናቴም ይህን በደንብ አወቀች።

ሐሙስ ዕለት የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር በራችን ላይ ቆማ እሑድ ትልቅ ሰልፍ እንዳለ ተናገረች። ሴት ሁሉ የማኅበሩን ካኪ ቀሚስ አጥባና ተኩሳ እንድትገኝ፤ የቀረች የሱቅ ካርዷ እንደሚያዝ፣ ስሟም እንደሚመዘገብ። እናቴ ከጓዳ ሆና «እሺ» ስትል ሰማኋት። ካኪው ቀሚስ ግን ከዛፍ ተከላው ዘመቻ ወዲህ ጭቃው እንደደረቀበት ጥግ ላይ ተጥሎ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አባቴ ቀሚሱንና የሳሙና ቁራጭ በእጄ አስያዘኝ። ወደ እናቴ ሳያይ፣ «ኩልፎ ወርደሽ እጠቢው» አለኝ። እሷም መሬት ላይ እንደተቀመጠች ወደ እኔ አላየችም። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እኔም ሐዘንተኛ መሆኔን፣ ማጠብ የሌለብኝ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ግን ማን እንደሚያሳዝነኝ አላወቅሁም። የአያቴን መልክ እንኳ አላስታውሰውም፤ የእህቴን ትዝታ ብፈልግ ከጣቶቿ በቀር አላገኝም።

ወንዙ ዳር ከሙዝ አትክልቱ በታች የጎረቤታችን ልጅ ከእናቷ ጋር እያጠበች ነበር። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ካኪውን ድንጋይ ላይ ሳሸው ቡናማ ውሃ ወረደ። ልጅቷ ውሃ ረጨችኝ፤ ረጨኋት። ተያይዘን ወንዙ ውስጥ ወደቅን፣ ሳቅንም። ሆዴን እስኪያመኝ ድረስ ሳቅሁ። ስንወጣ የራሴ ልብስ እላዬ ላይ ታጥቦ ነበር፤ ሐዘኑ ያልታጠበበት አንድም ክር አልቀረብኝም። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ ይቅር ያለኝ ሰው የለም፤ ይቅር በሉኝ ያልኩትም ሰው የለም።

የልጅቷ እናት፣ ጎረቤታችን፣ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የላንቴ መንደር ሴት ናት፤ ከአባቷ ማሳ የሚመጣላትን ሙዝ ትሸጣለች። ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ የቀበሌ መጋዘን ከሆነ ወዲህ በየቤቱ ተደብቀው ከሚጸልዩት ጴንጤዎች አንዷ ነበረች። አማርኛውን የተማረችው ከገበያ ስለሆነ ወንዱንና ሴቱን ታቀላቅለዋለች። የያዝኩትን ብቸኛ ቀሚስ ተመለከተች።

«እናትሽ የት ሄደ? ዛሬ ዓርብ ነው፣ ለምን አልወረደም?»

«ወባ ይዟታል» አልኳት።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ ሙዝ በቅርጫት ይዛ መጣች። አባቴ በር ላይ ሊመልሳት ሞከረ፤ እሷ ግን ወባን የማትፈራ ሴት ነበረች፣ አልፋው ገባች። እናቴን መሬት ላይ አገኘቻት። የተቀደደውን አንገት፣ የሰንበት ልብስ ያልተለወጠበትን ገላ፣ ያልተበጠረውን ፀጉር አየች። ከዚያ ያለ አንዳች ጥያቄ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። አባቴ እንደ በረኛ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለች።

«እኛም እንደዚህ ነን። ስንዘምር አፋችንን ትራስ ውስጥ ነው የምናደርገው።»

እናቴ ጭንቅላቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ሴትየዋ ማን እንደሞተ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ጠይቃ አታውቅም። ስትወጣ አባቴን ቀና ብላ አይታው፣ «ልጁን ምግብ ስጡት» አለችው፤ እኔን ማለቷ ነበር።

እሑድ እናቴ ካኪውን ለበሰችው፤ ከተቀደደው ቀሚስ በላይ። የታጠበው ልብስ ገላዬን አይነካም ማለቷ ነበር። ተማሪዎች ከሴቶቹ ጎን ስለተሰለፍን ሜዳው ላይ ከሩቅ አያታለሁ። ፀሐዩ ሰውን ሁሉ ላብ ያንጠባጥበዋል፤ እሷ ሁለት ልብስ ደርባለች። ሊቀመንበሯ በየረድፉ እያለፈች ስትቃኝ እናቴ ዘንድ ቆመች። ከካኪው አንገት ላይ አፈትልኮ የወጣ ነጭ ጨርቅ ነበር። ሴትየዋ ጨርቁን በጣቷ ወደ ውስጥ ከተት አድርጋላት አለፈች።

ከዚያ መፈክሩ ተጀመረ። ከመድረኩ «እናት ሀገር!» ሲባል ሜዳው በሙሉ ግራ እጁን አንስቶ «ወይም ሞት!» ይላል። እናቴም እጇን አነሳች፣ አፏንም ከፈተች። ሌላው ዝም ሲል ግን አፏ አልተዘጋም። ከንፈሯን አየሁት፤ የምትጠራው የእህቴን ስም ነበር። የአንገቷ ሥር ተገትሮ፣ ዓይኗ ተዘግቶ፣ በሙሉ ድምፅዋ ትጮሃለች። ሺህ ሰው እየጮኸ ስለነበር ልቅሶዋን ከመፈክሩ የለየ አልነበረም። በእኛ ቤት ሐዘን የወጣው ጩኸት ያ ብቻ ነው። ሰልፉ ሲያበቃ ሊቀመንበሯ አባቴን አግኝታ፣ ባለቤቱ ያን ቀን ስላሳየችው ወኔ አመሰገነችለት። አባቴም «አመሰግናለሁ» አላት። ሌላ ምን ይበላት?

ማክሰኞ ሰባተኛው ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን መጥታ ይዛን ወደ ኩልፎ ወረደች፤ እሷ ሰው እንዳይመጣ ዳር ቆመች። እናቴ የተቀደደውን ቀሚስ አውልቃ ገላዋን ታጠበች፤ ሦስት ጊዜ ራሷን ወንዙ ውስጥ ደፍቃ ወጣች። ቀጥሎ ቀሚሱን ማጠብ ነበረባት። እንዶዱን እኔ ወቅጬ አዘጋጅቼ ነበር። ቀሚሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ፀሐይዋ ወደ ኮረብታው እያዘነበለች ሄደች።

«እማዬ፣ ሊመሽ ነው» አልኳት።

«ሳጥበው ያበቃል» አለች። «ሳይጀመር እንዴት ያበቃል?»

የሰባት ቀኑ ላብ፣ አመድና አቧራ እንዳለበት መልሳ ለበሰችው። ዳገቱን ስንወጣ ጎረቤታችን ከኋላ ሆና አለቀሰች፤ እናቴ ግን አላለቀሰችም።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ ቤታችን ውስጥ እንደ ማንኛውም ቀን ሆነ። የአባቴንና የእኔን ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ። እናቴ ለገበያና ለስብሰባ ሌላ ትለብሳለች፤ ቤት ስትገባ ግን ያን ቀሚስ መልሳ ታጠልቃለች። ወሩ ካለፈ በኋላ አባቴ መርፌና ክር ይዞ ቀረባት፤ ከሠላሳ ቀን በኋላ መስፋት ይፈቀዳል ሊላት ነበር። ሳይጨርስ መርፌውን ከእጁ ተቀብላ ግድግዳው ጭቃ ላይ ሰካችው። እዚያው ዛገ።

ቀሚሱ መሽተት ጀመረ። እናቴ ራሷ መሽተት ጀመረች። ሰፈርተኛው ስለ መምህሩ ሚስት ያወራ ነበር፤ ያች ንጽሕት ሴት ምን ነካት ይላሉ። ጓደኞቼን ወደ ቤት መጥራት ተውኩ። አንድ ቀን ደብተሬን ቤት ረስቼ ትምህርት ቤት ድረስ ልታቀብለኝ ብትመጣ፣ አጥሩ ጋ ቆማ እያየኋት የማላውቃት መስዬ ወደ ክፍል ገባሁ። ደብተሩን ለዘበኛው ሰጥታ ሄደች።

አባቴና እናቴ ከዚያ በኋላ ለመኖር የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይነጋገሩ ነበር። ጨው አለ፣ ጨው የለም።

በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ ወባ በተነሳበት ወቅት፣ እናቴ እውነትም ወባ ያዛት። አምስት ቀን ታማ ሞተች። ሐኪም ቤት ወስደናት ነበር፤ እሷ ግን መድኃኒቱንም አላገዘችውም፣ በሽታውንም አልታገለችውም። ይህ ሞት ይፋ ነበር፤ የት ለሚል ጥያቄ መልስ ነበረው። ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ አዲስ አቡጀዲ ገዝቶ አስገነዛት። የቤተ ክርስቲያን መቃብር ስለማይቀበላት ጎረቤታችን ላንቴ ካለው የአባቷ ማሳ ዳር ቦታ ሰጠችን። ቀሚሱን ማን እንዳነሳውና የት እንደጣለው አላውቅም፤ ቤቱን ያጸዱት ብዙ ሴቶች ነበሩ።

ከቀብር ስንመለስ የሰፈር ሴቶች ጥቁር ልብስ አመጡልኝ። አንዷ ከልጇ ላይ ወስዳ ያን ዕለት ጠዋት አጥባ፣ በከሰል ካውያ ተኩሳ ያመጣችው ነው። እኔ በእጄ ይዤው ወደ አባቴ ዞርኩ። ሸሚዙን ከአንገቱ እስከ ሆዱ ቀዶ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ እያየን ነው። እንዲለኝ የፈለግሁት አንድ ቃል ነበር፤ አይሆንም፣ ሐዘንተኛ የታጠበ አይለብስም፣ ይህቺ የእኛ ልጅ ናት፣ ሕግ አለን።

«ልበሺው» አለኝ። «ሰዎቹን አታስቀይሚ።»

ለበስኩት። ሳሙናና ካውያ ይሸታል፤ እጅጌው ይረዝመኛል። ሴቶቹ እያቀፉ አለቀሱልኝ፣ እኔ ግን እንባ አልመጣልኝም። ሰባቱን ቀን በዚያ ንጹሕ ልብስ ተቀምጬ አሳለፍኩት። አባቴ በስምንተኛው ቀን ያንኑ ሸሚዝ ሳያጥብና ሳይሰፋ ለብሶ ትምህርት ቤት ሄደ። ዳይሬክተሩ ከበር መለሱት። ወደ ቤት መጥቶ በሩን ዘጋ፤ መስኮቱ ግን ክፍት ነበር።